ለወጥ ሠሪዬ ኢንሹራንስ ልግዛላት ወይስ ነገሩ የመንግሥት ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ የሀበሻ ሬስቶራንት አለኝ። ስምንት ሠራተኞች አሉኝ። ለማናቸውም የጤና ኢንሹራንስ አልገዛሁም። እኔ ራሴ የምጠቀመው በባለቤቴ ነው፤ እሱ የካውንቲ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዋናዋ ወጥ ሠሪዬ 54 ዓመቷ ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ስኳር አለባት። በዓመት 48 ሺህ ዶላር ያህል እከፍላታለሁ። አሁን ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ስለቀረበላት አንድ ነገር ካላደረግሽልኝ መሄዴ ነው ብላኛለች። እሷ ከሄደች ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ሁለቱ አስተናጋጆቼ ከነቲፓቸው እያንዳንዳቸው 30 ሺህ አካባቢ ያገኛሉ። ዕቃ የሚያጥበው ልጅ በዲቪ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። በሳምንት 17 ሰዓት ይሠራል፤ በዓመት 14 ሺህ ገደማ ያገኛል።

ነገሩን ቤት ውስጥ ሳነሳው ጦርነት ሆነ። ታላቅ ወንድሜ ኡበር ይነዳል። በስልክ አንድ ርካሽ ፕላን ገዝቶ በወር 190 ዶላር ይከፍላል። “መንግሥት በሰው ንግድ ምን አገባው? አባታችንን ያደረጉትን ረሳሽው?” ይለኛል። የአባታችን ቤት በደርግ ጊዜ ተወርሷል። የኮሌጅ ተማሪው ልጄ ደግሞ ኢንሹራንስ ካምፓኒ የሚባል ነገር መጥፋት አለበት፣ መንግሥት ለሁሉም ይክፈል ባይ ነው። ዝም የምትለው እናታችን ብቻ ናት። እሷ ጠዋት ጠዋት የአዛውንቶች መዋያ ሄዳ ትመጣለች። ማን ነው ልክ? እኔስ ምን ላድርግ?»

ግራ የገባኝ ባለ ሬስቶራንት

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽልኝ ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ የቤተሰብ ክርክር ነው፣ ሌላው የሥራ። ክርክሩ ይቆያል፤ ወጥ ሠሪዋ ግን አትቆይሽም። ስለዚህ ከሥራው ልጀምር።

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ሕጉ አንቺን አያስገድድሽም። ኦባማኬር የምንለው የ2010 ሕግ ለሠራተኛ ኢንሹራንስ የማቅረብ ግዴታ የጣለው 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ላይ ነው። ሙሉ ሰዓት የሚባለው በሳምንት 30 ሰዓት ነው። በከፊል የሚሠሩትም ሰዓታቸው ተደምሮ ይቆጠራል። አንቺ ስምንት ሰው ይዘሽ ከዚያ ቁጥር በጣም ሩቅ ነሽ። ብትገዢም ባትገዢም የሚቀጣሽ የለም።

አሁን ብዙ ባለ ሱቅ የማያውቀውን ልንገርሽ። ደግ ልሁን ብለሽ ተሯሩጠሽ የግሩፕ ኢንሹራንስ (አሠሪ ለሠራተኞቹ በአንድነት የሚገዛውን) ብትገዢ፣ ሠራተኞችሽን ልትጎጂያቸው ትችያለሽ።

እንዴት መሰለሽ? ኢንሹራንስ ከሥራው የማያገኝ ሰው በስቴቱ የኢንሹራንስ ገበያ ገብቶ ሲገዛ፣ ገቢው ከፈቀደለት መንግሥት የወርሃዊ ክፍያውን ከፊል ይከፍልለታል። ነገር ግን አሠሪው «አቅሙን ያገናዘበ» ኢንሹራንስ ካቀረበለት ያ እርዳታ ይቀራል። ሠራተኛው የአንቺን ባይወስድም ይቀራል። አቅም ያገናዘበ የሚባለው ደግሞ በ2026 ስሌት ለሠራተኛው ብቻ የሚከፈለው ድርሻ ከገቢው 9.96 በመቶ ካልበለጠ ነው።

አስተናጋጅሽን እንውሰድ። ብቻዋን የምትኖርና 30 ሺህ የምታገኝ ከሆነ፣ በገበያው ለመነሻው ሲልቨር ፕላን (እርዳታው ለሚሰላበት መካከለኛ ደረጃ ፕላን) የሚደርስባት ድርሻ በ2026 የፌዴራል እርዳታ ስሌት በወር 155 ዶላር አካባቢ ነው፤ ስቴቱ የራሱን እርዳታ ሲጨምርበት ከዚህም ሊያንስ ይችላል። በዚህ ገቢ ሲልቨር ከወሰደች ሐኪም ጋ ስትሄድ የምትከፍለውም ይቀነስላታል። አንቺ ግሩፕ ገዝተሽ ከደሞዟ 249 ዶላር ብትቆርጪባት፣ በሕጉ ዓይን ትችላለች ተብሎ የ155ቱ በር ይዘጋባታል። አንቺ ገንዘብሽን አውጥተሽ እሷ በወር ቢያንስ ወደ መቶ ዶላር ትከስራለች። ሁለታችሁም ተጎዳችሁ። ይህን እኔ «የደግነት ኪሳራ» እለዋለሁ፤ በየሬስቶራንቱ፣ በየፀጉር ቤቱ አለ።

ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚከፍለው ኢንሹራንስ) የሚገባው ሠራተኛ ካለሽ ግን ያንቺ ግሩፕ አይነካውም። ሜሪላንድ ሜዲኬይድን በ2014 አስፍታለች። ገቢው ከድህነት መስመር 138 በመቶ የማይበልጥ አዋቂ ሰው ይገባዋል። በ2025 መስመር ይህ ለብቸኛ ሰው በዓመት 21,597 ዶላር ነበር።

«ታዲያ ዕቃ አጣቢዬ 14 ሺህ ነው የሚያገኘው፣ ሜዲኬይድ ይግባዋ!» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አይገባውም። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ሜሪላንድ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ይህን ጥበቃ አንስታለች፤ ለጤነኛ ጎረምሳ ግን አላነሳችም። በፊት እንዲህ ያለው ሰው ሜዲኬይድ ቢከለከል እንኳ በገበያው እርዳታ ያገኝ ነበር፣ ገቢው ከድህነት መስመር በታች ቢሆንም። በጁላይ 2025 የወጣው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ያንን ከ2026 ጀምሮ ቆረጠው። አሁን ልጁ መሃል ላይ ወድቋል። ለሜዲኬይድ አዲስ ነው፣ ለእርዳታው ደግሞ በጣም ድሃ ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የከፋ አሳፋሪ ቀዳዳ በዚህ ሕግ ውስጥ አላየሁም። ለሰው ቸርነት አነሰ ቢባል ይገባኛል፤ ደሃ ስለሆንክ አንረዳህም ማለት ግን ምን ይሉታል?

አንቺ ግን ይህን ቀዳዳ ልትደፍኚው ትችያለሽ። ለ2026 ኢንሹራንስ የሚለካው በ2025 የድህነት መስመር ነው፤ ለብቸኛ ሰው 15,650 ዶላር። ልጁ አሁን ባለው የሰዓት ክፍያ በሳምንት 17 ሳይሆን 20 ሰዓት ቢሠራ በዓመት ከ16 ሺህ ያልፋል። መስመሩን ተሻገረ ማለት ነው። ያኔ ለመነሻው ሲልቨር ፕላን የሚደርስበት ድርሻ በወር ከ30 ዶላር በታች ይሆናል። ሦስት ሰዓት። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሰው እንደሚያጥርሽ ደግሞ ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። ሰዓቱ እውነተኛ ሰዓት፣ ክፍያውም በቼክ ይሁን። በካሽ የምትሰጪው ብር ካልተመዘገበ ልጁን መስመሩ ላይ አያደርሰውም፤ አንቺንም ሌላ ጣጣ ውስጥ ይከትሻል።

ከሠራተኞችሽ መካከል ጥገኝነት ያገኘ ወይም ስደተኛ ሆኖ የመጣ ካለ ደግሞ ዝም ብለሽ አትለፊው። በዚያው ሕግ መሠረት ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ሜዲኬይዱ፣ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የገበያው እርዳታ፣ ከጥቂቶች በስተቀር ግሪን ካርድ ለሌለው ይዘጋል። ለግሪን ካርድ ማመልከት የሚችል ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ጠበቃ ያማክር።

ወደ ወጥ ሠሪዋ እንምጣ። ስኳሯ አያስፈራሽ። ከ2014 ወዲህ በገበያው የሚሸጥ ማንም ኢንሹራንስ ሕመም አለብሽ ብሎ ሊመልሳት ወይም በሕመሟ ምክንያት ዋጋ ሊጨምርባት አይችልም። በዕድሜ ግን ይጨምራል። ትልቁ ዕድሜ ከትንሹ እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል።

በ48 ሺህ ገቢ በገበያው የሚደርስባት ድርሻ ለመነሻው ፕላን በ2026 የፌዴራል እርዳታ ስሌት በወር 398 ዶላር ያህል ነው፤ የስቴቱ እርዳታ ሲጨመርበት ከዚህም ሊያንስ ይችላል። እርዳታው ባይኖር በ54 ዓመቷ የምትጠየቀው ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ አንደኛው መንገድ ግሩፕ ሳትገዢ ደሞዟን መጨመር ነው። ቀላል ነው፣ ወረቀት የለውም፣ የሌሎቹንም እርዳታ አይነካም። ጭማሪው ላይ ታክስ ይቆረጣል፤ እርዳታዋም በመጠኑ ይቀንሳል። ይሁን።

አንድ ገደል ግን አለ፤ እሱን ንገሪያት። ለ2026 የብቸኛ ሰው ገቢ ከ62,600 ዶላር ካለፈ እርዳታው ቀስ እያለ አይቀንስም፤ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ከ2021 እስከ 2025 ይህ ገደል ተደፍኖ ነበር፤ የተፈቀደው ጊዜ ሲያልቅ ተመልሶ መጣ። በዚያ ላይ ከ2026 ጀምሮ ገቢውን አሳንሶ የገመተ ሰው በትርፍ የወሰደውን እርዳታ በታክስ ጊዜ ሙሉውን ይመልሳል። ድሮ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ጣሪያ ነበረው፤ አሁን የለውም። ወጥ ሠሪዎቻችን ደግሞ የሠርግና የክርስትና ድግስ ይይዛሉ። ጎበዝ ከሆነች በበጋው ብቻ 15 ሺህ ልትሠራ ትችላለች። ድግስ ከያዘች በዚያው ሳምንት ገበያው ላይ ገቢዋን ታስተካክል። ኤፕሪል ላይ ማልቀስ የለም።

ሁለተኛው መንገድ ግሩፑ ነው። ከላይ የነገርኩሽ ጉዳት እንዳለ ሆኖ፣ ለአንቺ ዓይነት ትንሽ ቤት መንግሥት የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት አለ። ከ25 በታች የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ካለሽ፣ አማካይ ደሞዙ ከተወሰነ መጠን ካልበለጠና የወርሃዊ ክፍያውን (የፕሪሚየሙን) ቢያንስ ግማሽ ከከፈልሽ፣ ካወጣሽው እስከ 50 በመቶ ሊመለስልሽ ይችላል። ፕላኑ ግን ስቴቱ ለትናንሽ ንግዶች ባዘጋጀው ገበያ በኩል መገዛት አለበት። የሚሰጠውም ለሁለት ተከታታይ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሙሉው ሸክም ያንቺ ነው፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ሠራተኛን «ነጠቅኩህ» ማለት ከመጀመሪያው አለመስጠት ይከፋል። ሌላው ችግር፣ ካምፓኒዎቹ አብዛኛው ሠራተኛ ካልገባ አንሸጥም ሊሉ ይችላሉ። ከኖቬምበር 15 እስከ ዲሴምበር 15 ባለው ጊዜ ግን ይህን ምክንያት ማቅረብ አይችሉም። ብትገዢ በዚያ ወር ግዢ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ለዘንድሮ ግሩፑን ተዪው። ወጥ ሠሪዋን ቁጭ አድርገሽ የቀረበላትን ሥራ ወረቀት አብራችሁ እዩት። እዚያ ከደሞዟ ስንት እንደሚቆረጥ፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሷ ስንት እንደምታወጣ ጠይቂያት። «ኢንሹራንስ አለው» የሚባለው ሥራ አንዳንዴ ብዙ ሺህ ዶላር ካላወጣሽ የማይነቃ ኢንሹራንስ ነው። ከዚያ በወር ስንት ብትጨምሪላት እንደሚመጣጠን ይታያችኋል። ማወዳደሩን የስቴቱ ነፃ አማካሪዎች ይሠሩላችኋል። ብሮከርም ጥሩ ነው፤ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ግን ኢንሹራንሱ መሆኑን አትርሺ። እና ልክ ሆኖ ካገኘሽው፣ የዚያኛው ሥራ በእውነት የሚበልጣት ከሆነ፣ ሂጂ በያት። ስኳር ያለባትን ሴት በይሉኝታ አስሮ ማስቀረት አያምርም።

አሁን ወደ ክርክሩ።

ታላቅ ወንድምሽን አትናቂብኝ። በ1967 ዓ.ም ታኅሣሥ ላይ ደርግ ባንኮችንና ኢንሹራንስ ካምፓኒዎችን ወረሰ። 13 የኢንሹራንስ ካምፓኒዎች ነበሩ፤ ተጠቅልለው አንድ የመንግሥት ድርጅት ሆኑ። ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 መጣና ትርፍ ቤት ተባለ። የግል ኢንሹራንስ በሀገራችን እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም ነው። «መንግሥት» ሲባል ወንድምሽ የሚያየው ካድሬውን ከነማኅተሙ ነው። ልጅሽ ይህን አልኖረውም። አጎቱን ኋላ ቀር ከማለቱ በፊት የአያቱ ቤት እንዴት እንደሄደ ቁጭ ብሎ ይጠይቅ።

ግን ለወንድምሽም የምለው አለኝ። መውረስ አንድ ነገር ነው፣ ደንብ ማውጣት ሌላ፣ መክፈል ደግሞ ሌላ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ሆስፒታሉን ራሱ ይዞ ሐኪሙን ቀጥሮ የሚያሠራው በዋናነት ለቀድሞ ወታደሮች ነው። በሜዲኬር (በዋናነት ለአዛውንቶች በሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) መንግሥት ይከፍላል፣ የሚያክሙት ግን ባብዛኛው የግል ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ናቸው። በኦባማኬር ደግሞ ኢንሹራንሱ የግል ካምፓኒ እንደሆነ ቀረ፤ መንግሥት ደንብ አወጣለት፣ ለገዢውም ከፊሉን ከፈለለት። ከደንቦቹ አንዱ ከሰበሰቡት ፕሪሚየም ቢያንስ 80 በመቶውን፣ ለትላልቅ ግሩፖች 85 በመቶውን፣ ለሕክምና ያውሉ የሚል ነው። ካልሆነ ልዩነቱን ይመልሳሉ። ይህ አዋጅ 47 አይደለም። ካምፓኒዎቹ ዛሬም አሉ፤ አክሲዮናቸውም ይሸጣል።

ደግሞስ፣ ለምንድን ነው እዚህ ሀገር ኢንሹራንስ ከሥራ ጋር የተጣበቀው? ባለ ሬስቶራንት ሆነሽ የሠራተኛሽን ጉበት የምትጠየቂበት ምክንያት ምንድን ነው? ጅምሩ የገበያ ነበር። በ1929 ዳላስ ውስጥ ቤይለር ሆስፒታል ለአስተማሪዎች በወር 50 ሳንቲም እየከፈሉ በዓመት እስከ 21 ቀን የሚተኙበት ውል አቀረበ። ነገሩን ያሰፋው ግን መንግሥት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942፣ ደሞዝ መጨመር በሕግ ተገደበ። አሠሪዎች ሰው ለመሳብ ኢንሹራንስ ማቅረብ ጀመሩ፤ ምክንያቱም እሱ ከደሞዝ አይቆጠርም ነበር። በ1954 ደግሞ አሠሪ ለኢንሹራንስ የሚያወጣው ብር ለሠራተኛው ታክስ እንደማይከፈልበት በሕግ ጸደቀ። እስከ ዛሬም አይከፈልበትም።

ይህን ለወንድምሽ ንገሪው። ባልሽ ከካውንቲው የሚያገኘው ኢንሹራንስ በግብር ከፋይ ገንዘብ የሚከፈል ነው፤ በላዩ ደግሞ ታክስ ተነስቶለታል። አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት እርዳታ ስታገኚ ኖረሻል፤ ስሙ ስላልተጻፈበት ብቻ አልታየሽም። እናታችሁስ? የአዛውንቶች መዋያው መኪና ጠዋት በር ላይ ሲቆም ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ወንድምሽ ጠይቆ ያውቃል? አብዛኛውን ጊዜ ሜዲኬይድ ነው። በየሰው ቤት እየሄዱ አዛውንት የሚንከባከቡት እህቶቻችንም የብዙዎቹ ደሞዝ ከዚያው ነው። መንግሥት ከጤናው ይውጣ ብንል ግማሹ ማኅበረሰባችን ሥራ ይፈታል። ይህን ስል መንግሥት ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም።

ወንድምሽ የሚገርመው ሌላ ነገር ደግሞ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስነው የስቴቱ ኮሚሽን ነው። በአንድ ሆስፒታል ለአንድ አገልግሎት ትልቁ ኢንሹራንስም፣ ከኪሱ የሚከፍለውም የሚጠየቁት ዋጋ ተቀራራቢ ነው። በሌሎች ስቴቶች ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከኢንሹራንሱ እጥፍ ድርብ የሆነ ቢል ሊመጣበት ይችላል። መንግሥት በንግድ ገባ ከተባለ ከዚህ በላይ መግባት የለም፤ የሚጠቅመውም መጀመሪያ እንደ ወንድምሽ ያለውን ነው።

ሰው ሁሉ ኢንሹራንስ ይኑረው የሚለው አስገዳጅነትስ? ወንድምሽን ከሁሉም የሚያበሽቀው እሱ ይመስለኛል። እድርን ያስብ። ሰው ሲሞትበት ብቻ እየመጣ የሚመዘገብበት እድር ስንት ወር ይቆያል? ዳኛውም ገንዘብ ያዡም በሦስተኛው ለቅሶ ድንኳኑን ሸጠው ይበተናሉ። ዘግይቶ የሚገባ ሰው መግቢያ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። በሽተኛ አትመልሱ ከተባለ ጤነኛውም የሚገባበት ዘዴ መኖር አለበት። ሕጉ ሦስት ዘዴ ነበረው፦ ቅጣት፣ የተወሰነ የምዝገባ ወቅትና እርዳታ። ቅጣቱን የትናንሽ ነጋዴዎች ማኅበር ከብዙ ስቴቶች ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ተከፍሎ፣ ዋና ዳኛ ሮበርትስ ታክስ ነው ብለው አሳለፉት። በዚያው ፍርድ ግን ስቴቶች ሜዲኬይድን እንዲያሰፉ መገደድ የለባቸውም ተባለ። ዳላስ ያለ ዘመድሽ አንቺ ጋ ቢሆን የሚያገኘውን ሜዲኬይድ እዚያ የማያገኘው በዚህ የተነሳ ነው፤ ቴክሳስ አላሰፋችም። የፌዴራሉ ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። የሚገርመው ገበያው አልፈረሰም። ጤነኛውን ይዞ ያቆየው ዱላው ሳይሆን እርዳታው ነበር ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ነው የእርዳታው መቀነስ የሚያሳስበኝ።

ወንድምሽ ልክ የሆነበት ቦታ አለ፣ እሱንም ልስጠው። የ50 ሰው መስመር ሲኖር 49 ላይ የሚቆም ንግድ ይኖራል። የ30 ሰዓት መስመር ሲኖር ሠራተኛውን 29 ሰዓት ላይ የሚያቆም አለቃ አለ። የእርዳታው ገቢ ጣሪያ ሲኖር ትርፍ ሥራ የሚፈራ ሰው ይኖራል። ከሁሉም የሚከፋው መለዋወጡ ነው። እርዳታው በ2021 አደገ፣ በ2022 ተራዘመ፣ በ2025 መጨረሻ ጊዜው አበቃ። በሱ ጭቅጭቅ የፌዴራሉ መንግሥት 43 ቀን ተዘግቶ ነበር። በዚህ መሃል የአምስት ዓመት ኪራይ የፈረመ ባለ ሬስቶራንት ምን ብሎ ያቅድ? በዚህ ቢናደድ አልፈርድበትም።

ልጅሽን በአጭሩ። ሜዲኬር ከ1965 ጀምሮ አለ፤ ደርግም አላመጣብንም። ለሁሉም ይሁን ማለቱ እብደት አይደለም፤ ካናዳ ይኖርበታል። ግን ሂሳቡን ይዞ ይምጣ። ቨርሞንት ስቴት ለሁሉም የሚሆን የመንግሥት ኢንሹራንስ ለማቋቋም ሕግ አውጥታ ነበር። በዲሴምበር 2014 ገዥው ራሳቸው አቆሙት። ሂሳቡ ሲሠራ ንግዶች የደሞዛቸውን 11.5 በመቶ አዲስ ታክስ መክፈል ነበረባቸው፤ ነዋሪውም በገቢው ላይ ሌላ። አንቺ ደሞዝ ዝርዝርሽን አውጥተሽ 11.5 በመቶውን አስልተሽ አሳዪው። ምናልባት ኢንሹራንስ ከመግዛት ይረክስ ይሆናል። ዛሬ ምንም ለማትገዢው ለአንቺ ግን አዲስ ወጪ ነው። ይህን ካየ በኋላም ሐሳቡን ካልለወጠ፣ ቢያንስ የሚከራከረው በቁጥር ይሆናል።

በመጨረሻ፣ ሳትጠይቂኝ የምናገረው የወንድምሽን የ190 ዶላር ፕላን ነው። እኔን ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ወረቀቱን ያምጣና አብራችሁ አንብቡት። «ይህ ኢንሹራንስ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል አለ። አባላት የሕክምና ወጪ እንካፈላለን የሚሉ ማኅበራት አሉ፤ ለመክፈል ሕጋዊ ግዴታ የለባቸውም። የአጭር ጊዜ ፕላን የሚባለውም የቆየ ሕመም ላይ አልከፍልም ማለት ይችላል፤ ሜሪላንድም ከሦስት ወር በላይ አትፈቅደውም። በሽታ እስኪመጣ ሁሉም ጥሩ ኢንሹራንስ ይመስላል።

ከዚያ ገቢውን በትክክል ያስላ። ኡበር በሚልክለት ወረቀት ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር ገቢው አይደለም። የኡበር ድርሻና የመንገዱ ወጪ ይቀነሳል። በ2025 ለሥራ ለተነዳ አንድ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነስ ነበር፤ ብዙ የሚነዳ ሰው ላይ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። 60 ሺህ አገኘሁ የሚለው ሹፌር ተቀንሶ 30 ሺህ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በገበያው እውነተኛ ኢንሹራንስ ከ190 ዶላሩ ባነሰ ሊያገኝ ይችላል። የገበያው ምዝገባ የሚከፈተው ኖቬምበር 1 ነው። ገቢው ለሜዲኬይድ ከወረደ ግን ወቅት አይጠብቅም፣ በማንኛውም ቀን ያመለክታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ እንደሱ ያሉ ሰዎች ሜዲኬይድ ለማግኘት በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ማሳየት አለባቸው። ስለዚህ የነዳበትን ሰዓትና ማይል ከአሁኑ መመዝገብ ይጀምር፤ ስልኩ ውስጥ ያለው የኡበር ታሪክ ይረዳዋል፣ እሱንም በየወሩ አውርዶ ያስቀምጥ።